ጫካ ውስጥ የቀረችው አህያ

ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው ብረት የሚጣል ዕቃ አይደለም። የተሰበረ አልጋ፣ ታቹ የተበሳ ድስት፣ የዛገ በርሜል፣ ሁሉም ገዢ አለው። ጠዋት ጠዋት "ቁራሌው!" እያለ የሚዞረው ልጅ ይገዛዋል፣ ከዚያ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል፣ እዚያ ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም የበር ማጠፊያ ሆኖ ይመለሳል። አንዳንዴ እኮ የሸጣችሁትን ዕቃ ራሳችሁ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ። ስለዚህ "እዚህ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ከ10 ቶን በላይ ብረት ተጥሎ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆሟል" ሲሉኝ፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው "ማን ነው ይሄን ያህል የጠገበው?" የሚል ነበር።

እኔ በያጅ ነኝ። ያደግኩት ድሬዳዋ፣ የምኖረው ሲያትል አካባቢ። ሳምንቱን ሙሉ የተሳቢ ሻንሲና የብረት ደረጃ ስበይድ እውላለሁ። አብሮኝ የሚሠራ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰውዬ ከሦስት ዓመት በፊት ምሳ ሰዓት ላይ "ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። ቅዳሜ ፕሮግራሜ እንቅልፍ ነበር። "በያጅ እንፈልጋለን። ክፍያ የለውም፣ ዝናብ ግን አለው" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ግብዣ እንዴት እምቢ ይባላል?

የጋበዘኝ ወደ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ነው። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ዕድሜውን በሙሉ ዛፍ ሲቆርጥ የኖረ፣ መርከብ ሲጠግን የኖረ፣ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ፣ ሁለት ሦስት እንደኔ ያሉ ወጣቶች። ሥራቸው ከዋሽንግተን ግዛት ጫካዎች ውስጥ የድሮ ግንድ መጎተቻ ማሽኖችን አውጥተው ማጽዳት፣ ከተቻለም እንደገና እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። በዚያ ሰሞን ያገኟት ማሽን በእንግሊዝኛ "ስቲም ዶንኪ" ትባላለች። በኛ ቋንቋ የእንፋሎት አህያ መሆኗ ነው።

አህያዋ ምን ነበር ሥራዋ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የነበሩት ዛፎች በጣም ግዙፍ ስለነበሩ፣ ጭንቁ መቁረጡ ብቻ ሳይሆን ከጫካ ማውጣቱ ነበር። ግንዱን የሚጎትቱት በጥንድ በጥንድ የተጠመዱ በሬዎች ነበሩ። መንገዱ ላይ ቀጫጭን ግንዶች አግድም ይነጠፋሉ፣ ስብ ይቀባሉ፣ ትልቁ ግንድ በላያቸው ይንሸራተታል። ጆን ዶልቢር የተባለ በካሊፎርኒያ የዩሬካ ከተማ የጣውላ ነጋዴ በሬዎቹን የሚተካ ማሽን ሠራና በ1882 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንጨት የሚነድበት ቦይለር አለ፤ እንፋሎቱ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ገመድ የሚጠቀለልበትን ከበሮ ያዞራል። ገመዱ ጫካ ውስጥ ተወስዶ ግንዱ ላይ ይታሰራል፣ ከበሮው ይዞራል፣ ግንዱ ይመጣል። በመጀመሪያ ገመዱን ወደ ጫካው መልሶ የሚወስደው ፈረስ ነበር፣ በኋላ እሱም በሁለተኛ ከበሮ ተተካ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አህያዋ ጎማ የላትም። ሁለት ትልልቅ ግንዶች ላይ ነው የተቀመጠችው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ገመዷን ፊት ለፊቷ ካለ ዛፍ ወይም ጉቶ ላይ ያስሩና ከበሮውን ያስነሱታል፤ ያን ጊዜ ራሷን ትጎትታለች። በዚህ ዓይነት ነው ዳገቱን ሁሉ የወጣችው። ወደዚያ ጫካ ማንም ጭኖ አላመጣትም፣ በገዛ ገመዷ ነው የገባችው።

ሌላም ነገር አለ። ግንዱን የሚያስሩት ሰዎችና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ብዙ ጊዜ አይተያዩም ነበር። በመሃል አንድ ሰው፣ አዘውትሮ ገና ልጅ የሆነ፣ ይቆምና ረጅም ሽቦ እየሳበ የማሽኑን ፊሽካ ያስጮሃል። የፊሽካው ብዛትና ርዝመት ትእዛዝ ነው፦ ሳብ፣ አቁም፣ ልቀቅ። የልጁ እጅ ከተሳሳተ ጫካ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ ነው።

ሲያትል የምትኖሩ የየስለርን መንገድ ታውቁታላችሁ። የስለር ቴራስ ስንት ሐበሻ የመጀመሪያ ቤቱን ያገኘበት ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ከሄንሪ የስለር ነው፤ በ1853 እዚያ ቁልቁለት ግርጌ፣ ባሕሩ ዳር፣ በእንፋሎት የሚሠራ የጣውላ መሰንጠቂያ የከፈተ ሰው። ግንዱ ወደ መሰንጠቂያው የሚወርደው በዚሁ ቁልቁለት እየተንሸራተተ እንደነበር ይነገራል። ስንት ዓመት በዚያ ዳገት ወጥቼ ወርጃለሁ፣ ግን መንገድ የሆነው ለግንድ ተብሎ እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

"ማን ነው የጠገበው?" ላልኩት መልሱን ያገኘሁት በኋላ ነው። ማንም አልጠገበም፣ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በ1930ዎቹና 40ዎቹ የጭነት መኪናና በናፍጣ የሚሠራ ማሽን ሲመጣ የእንፋሎት አህያ ጊዜ አለፈባት። ከሩቅ ጫካ አውጥቶ ለማምጣት የሚወጣው ገንዘብ ከብረቷ ዋጋ ከበለጠ፣ እዚያው ትቆማለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር መሣሪያ ብረት ሲፈለግ፣ በኛ አነጋገር ቁራሌው አሜሪካም ደረሰ። ለመንገድ የቀረቡት ብዙዎቹ ተቆራርጠው ተሸጡ። ዛሬ ጫካ ውስጥ የሚገኙት ቁራሌው ያልደረሰባቸው ናቸው።

ደግሞ ዝም ብሎ ገብቶ መውሰድ የለም። በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ያለ፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ በ1979 በወጣ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለፈቃድ ብሎን እንኳ ይዞ መውጣት ያስከስሳል። የኛዋ የቆመችው በአንድ የእንጨት ኩባንያ መሬት ላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ከወንዙ ምን ያህል እንደምንርቅ የሚያሳይ ካርታ፣ ሁሉንም አዘጋጅተን ነው የገባነው። የሒሳብ አስተማሪዋ ብቻዋን ስምንት ወር ወረቀት ስታሯሩጥ ከረመች። ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ሲወራ ሰው የሚያስበው መዶሻና ላብ ነው፤ ግማሹ ሥራ ግን ፎርም መሙላት ነው።

ኦሊምፒክ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ዝናብ የሚወድ አገር ነው። መኪና ከሚቆምበት ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ገባን። መንገድ ላይ የድሮዎቹ ዛፎች ጉቶ ይታያል፤ አንዳንዱ የኛ ቤት ሳሎን ያክላል። ከመሬት ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ እንደ አፍ የተከፈተ ቀዳዳ አለው። ቆራጮቹ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሳንቃ ሰክተው፣ ሳንቃው ላይ ቆመው ነበር የሚቆርጡት። መቶ ዓመት ያለፈው የመጥረቢያ ምልክት ዛሬም በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ አረንጓዴ ጉብታ ያልኩት ነገር ጋ ደረስን። ጋሼ (ከሁሉም ትልቁን ሰውዬ በልቤ እንዲህ ነው የምላቸው) በጓንታቸው ሽበቱን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ትልቅ የብረት ጥርስ ወጣ። የተቀመጠችበት ግንድ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ አፈሩ ላይ ደግሞ ዛፍ በቅሎ ሥሩን በከበሮው ዙሪያ ጠቅልሎታል። ገመድ ይጠቀለልበት በነበረው ቦታ ሥር ተጠቅልሎበታል።

ሥራው እንዴት ነው? ቀስ ነው። ቦይለሩ ከመቀመጫው ተፈትቶ ለብቻው ይወጣል። ቀሪው በክሪክ አንድ ጣት ያህል ይነሳል፣ ከሥሩ ታኮ ይገባል፤ እንደገና አንድ ጣት፣ እንደገና ታኮ። ክሪክ ሊከዳ ይችላል፣ ታኮ ግን ይሸከማል። ከፍ ሲል አዲስ ግንዶች ከሥሩ ይገባሉ፣ ከዚያ በዊንችና በፑሊ አሮጌውን የጫካ መንገድ ይዞ በቀን ጥቂት ሜትር መጓዝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ሃምሳ አልነበርንም እንጂ። ጥሩ በሚባለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ነበርን።

አሥራ ሁለተኛው አባቴ ሆነ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ነው ከድሬዳዋ ያመጣሁት። ከሰላሳ ዓመት በላይ በምድር ባቡር ጥገና ቤት የሠራ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዳር ተቀምጦ መኪና ይቆጥራል። እንግሊዝኛ አይችልም። "አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ላድርስህ?" ስለው እሺ ይላል፣ "ፓርክ እንሂድ?" ስለው እሺ ይላል። የሚያስፈራኝ ይሄ እሺታው ነበር። ድሬዳዋ እያለ ለማንም እሺ የማይል ሰው ነበራ።

አንድ ማታ የማሽኗን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። ፎቶውን በጣቱ አሰፋው፣ አጠበበው።

"ይሄማ ባቡር ነው" አለኝ።

"ባቡር አይደለም አባዬ፣ ግንድ መጎተቻ ነው።"

"ባቡር ማለት እንፋሎት ማለት ነው፣ አታውቂም? ድሮ የእህል ወፍጮውም ባቡር ነበር የሚባለው። የሰርኪስ ባቡርስ ሐዲድ ነበረው?"

ልክ ነው። ቃላችን የመጣው ፈረንጆቹ ለእንፋሎት ከሚሉት ቃል ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን በተራ መንገድ ላይ ነበር የሚሄደው፤ ሕዝቡ ግን ባቡር ብሎታል። አባቴ ከሁላችንም ቀድሞ ማሽኗን በስሟ ጠራት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ውስጥ ከኔ በፊት ገብቶ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ማሽኗ መኪና የሚደርስበት ቦታ ደርሳ፣ በክሬን ተነስታ ሎቤድ ላይ የምትጫንበት ቀን ቀርቦ ነበር። አባቴ ማንንም ሳያናግር ትንሽ መዶሻ ለመነና ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ያንኳኳ ጀመር። ቲን። ቲን። ቲን። አንድ ቦታ ላይ "ጠብ" አለ። መልሶ መታው። ጠብ።

"ያኛው ይናገራል፣ ይሄኛው አይናገርም" አለኝ። "በዚህ በኩል እንዳያነሱት ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው፤ የማንሻው ሰንሰለት ሊታሰርበት ከታቀደው ቦታ አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ጊዛ ነው፣ ማለት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ሰንሰለቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ መጥተው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ስንጥቁን በኋላ እኔ በየድኩት። ጊዛ ችኮላ አይወድም። አስቀድሞ ይሞቃል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ አጭር አጭር እየተደረገ ይበየዳል፣ ከዚያ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። አባቴ አጠገቤ ቆሞ፣ ቶሎ ልገልጠው ስል እጄን መታኝ።

በመዶሻ ማዳመጡን ያስተማሩት ድሬዳዋ ውስጥ ከሱ በፊት የነበሩ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በእንፋሎቱ ዘመን የጀመሩ ነበሩ። እሱ ሲቀጠር ባቡሩ በናፍጣ ነበር የሚሄደው። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ በ1917። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተማችን ራሷ ያ ሐዲድ የወለዳት ናት። አሁን አዲስ መስመር አለ፤ የድሮዎቹ ባቡሮች ጥገና ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። አባቴ ብረት ሲያንኳኳ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ ማታ ታጥቦ ሲገባ እንጂ ሲሠራ አላየሁትም።

አንዷ ወጣት ፈቃደኛ ነገሩን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረና "አባትሽም እንደ ማሽኗ ነው፣ ተረስቶ የነበረ" አለችኝ። ለአባቴ ተረጎምኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ።

"እኔን ማንም አልጣለኝም፣ ልጄ ናት ያመጣችኝ" አለ። "ይልቅ ጠይቂልኝ። ይሄን ማሽን ይነዳ የነበረው ማን ነው? ፊሽካውን ይስብ የነበረው ልጅስ ስሙ ማን ነበር? ስንቱን ገድሏል?"

ጠየቅኩ። ዝም አሉ። የቦይለሩን ስፋት፣ የከበሮውን ዲያሜትር፣ ፋብሪካው ሲያትል ውስጥ የት እንደነበር ሁሉ ያውቃሉ። የሰዎቹን ስም ግን አንድም ሰው አላወቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራችን ተቀየረ ብል ማጋነን አይሆንም። የሒሳብ አስተማሪዋ ፊቷን ከፎርም ወደ አሮጌ ጋዜጣና ወደ ካምፕ የደመወዝ መዝገብ አዞረች። ግንድ መቁረጥ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ሰው ከሚሞትባቸው ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ በዚያ ዘመን ገመድ ሲበጠስ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ጥቂት ስሞች ተገኙ። ብዙው "አንድ ሠራተኛ" ተብሎ ብቻ የታለፈ ነው። ቡድናችን ውስጥ ክርክርም ተነሳ፤ ይሄ ማሽን እኮ ያን ሁሉ ጥንታዊ ጫካ ያወደመ ነው፣ ከሺህ ዓመታት ጀምሮ በዛፉ ታንኳ ሲጠርቡ፣ በልጡ ሲሸምኑ የኖሩት የአገሬው ሕዝቦች ጫካ ነው፣ ለምን እናከብረዋለን የሚል። ጥያቄው ትክክል ነው ባይ ነኝ። የኔ መልስ፣ ብረቱ ጫካ ውስጥ ቢበሰብስ ጉቶው አይለመልምም የሚል ነው። ማሽኗን አውጥተን ጉቶው አጠገብ ብናቆማት ግን፣ ያቺ ዳገት ላይ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው፣ ማን እንደከፈለበት የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። አባቴ ጠይቋላ።

ቦይለሩ አላለፈም። የብረቱን ውፍረት በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ታችኛው ክፍል ላይ ውሃው በልቶት ሳስቷል። እንፋሎት ቢሞላ ቦምብ ነው። ስለዚህ እሳት አይነድበትም። ገንዘብ ተገኝቶ አዲስ ቦይለር እስኪሠራ ድረስ ፒስተኑን በኮምፕሬሰር አየር ነው የምናንቀሳቅሰው። አንዳንዶቹ አዘኑ። አባቴ አላዘነም። "ሽማግሌ ናት፣ ምን ታድርግ፣ በቀስታ ትሂድ" አለ።

ዛሬ ማሽኗ መጠለያ ሥር ቆማለች። አጠገቧ ያለው ሰሌዳ ላይ የተገኙት ስሞች ተጽፈዋል፤ ከሥር ባዶ መስመሮች ተትተዋል። ባዶው ይቅር ያለው አባቴ ነው፤ አያቱ እዚያ የሠራ ሰው ሲመጣ የሚጽፍበት። እኔም ቅዳሜ ማታ ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እቀዳዋለሁ። ማን አስተማረህ፣ ያኛውስ ማን ነበር፣ የሞተው በየትኛው ጣቢያ ነው። አንዳንዴ ስሙ ይጠፋውና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታውንም እቀዳዋለሁ።

አሁን ሌላ ማሽን ጀምረናል፣ ካለፈችው የባሰ ቁልቁለት ላይ ያለች። አባቴ እንግሊዝኛ አልተማረም፤ እነሱ ግን አንድ ቃል ከሱ ተምረዋል። ክሪኩ አንድ ጣት ሲያነሳ፣ ጋሼ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይጮሃሉ፦

"ታኮ!"